ጎተራ ጠባቂው አያ ጅቦና የእመት ዳልቺት ጆሮ

አንድ ጊዜ፣ አንበሳ ሲያገሳ ሦስት ተራራ ማዶ ካለ በግ ላይ ቁንጫ በሚረግፍበት ዘመን፣ የዱር እንስሳት የጋራ ጎተራ ነበራቸው። ጎተራው ከመተለቁ የተነሳ በአንዱ ጫፍ በጫጩትነቷ የገባች ድንቢጥ በሌላው ጫፍ የልጅ ልጅ አይታ ትወጣለች። ባይመስላችሁም እውነት ነው። በአዝመራ ጊዜ ሁሉም ከየደጁ ቁና ቁና ያገባበታል፤ የተጎዳ ሲኖር ከዚያ ይሰፈርለታል። ሕጉ አጭር ነበር፦ ቁስሉን ያላሳየ ድርሻውን አያይም፤ ከስፍር የተረፈውም ለጎተራ ጠባቂው ነው።

ጠባቂው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አያ ጅቦ።

በወንዙ ዳር ደግሞ እመት ዳልቺት የምትባል አህያ ሰፊ ዋሻ ነበራት። በቤታቸው አባወራው እናታቸውን ሲመታ ያዩ ግልገሎች ጠቡ ሲነሳ ሮጠው የሚገቡት እሷ ዘንድ ነው። የነብር ደቦል አለ፣ የሚዳቋ ግልገል አለች፣ ትንሹ ዝንጀሮም አለ። ሲመጡ መጫወት አያውቁም፤ ቅጠል ኮሽ ባለ ቁጥር ይንቀጠቀጣሉ። እመት ዳልቺት ታዲያ መጀመሪያ አቧራ ላይ ታንከባልላቸዋለች፤ አብራቸው እየተንከባለለች ሆዳቸው እስኪያማቸው ታስቃቸዋለች። ከዚያ ጆሮዋን ታስተምራቸዋለች። «ስትደነግጡ ጆሮዬን እዩ። ከቆመ ነገር አለ። ከወደቀ ግን ነፋስ ነው፤ ወደ ጨዋታችሁ።»

በጋው ሲገፋ የዋሻው እህል አለቀ። ከጎተራው ካልተሰፈረላት ልጆቹን ወደየቤታቸው፣ ወደዚያው ጠብ ልትሰድ ነው። ግልገሎቹን አስከትላ ጎተራው ደጅ፣ አንበሳው በሚፈርድበት ጉባኤ ፊት ቀረበች።

አያ ጅቦ ቁስል ፍለጋ ተነሳ። ደቦሉን በሆዱም በጀርባውም አየው፤ የሚዳቋዋን ግልገል ጆሮ ውስጥ አጮለቀ፤ የትንሹን ዝንጀሮ ጥርስ ሳይቀር ቆጠረ።

«ጌታዬ፣ ጭረት እንኳ የላቸውም፤» አለ ለአንበሳው፣ ምራቁን እየዋጠ። «የተመቱት እናቶቻቸው ናቸው፤ ለእነሱ ተሰፍሯል። ያየ ሁሉ ቆሰልኩ ካለ፣ እኔም ሙክት ሲታረድ ባየሁ ቁጥር ይሰፈርልኝ።»

ጉባኤው ሳቀ። እመት ዳልቺት ግን ዓይንም ይቆስላል አለች። አንበሳው ጎፈሩን አከከ፤ ልጆቹ አሳዝነውታል፣ ሕጉ ግን ሕግ ነው። ሊፈርድ አፉን ሲከፍት እመት ቀበሮ ተነሳች። ይቺ ተንኮለኛ አያ ጅቦን ስታጠና ኖራለች፤ ጎተራውን ለመዝረፍ እንጂ ለጽድቅ አይደለም። የጎተራውን በር ምንጊዜም እንደ እንቁላል ቀስ አድርጎ እንደሚዘጋው ልብ ብላለች። አሁን ነፋስ ገባ ብላ ሄደችና በሩን እንዲህ ጓ አደረገችው፣ ማዶ ተራራ ላይ የተኛው ጉም ደንግጦ ተነሳ።

ግልገሎቹ ዘለው እመት ዳልቺት ሆድ ሥር ገቡ። ወዲያው አንገታቸውን አውጥተው ቀና አሉ፤ ጆሮዋ ወድቋል። ተያይተው ሳቁና ወጡ። ከሆዷ ሥር ግን አንድ ቀረ። ራሱን በፊት እግሮቿ መካከል ቀርቅሮ ቂጡን ለጉባኤው ሰጥቷል። አያ ጅቦ ነበር። ጅብ ሆዷ ሥር ተወትፎ ጆሮዋን እንደጣለች ለማቆየት ስንት ጭነት ትዕግሥት እንደፈጀባት እሷ ታውቃለች።

ትንሹ ዝንጀሮ ጎንበስ ብሎ የጅቡን ጀርባ ነካ ነካ አደረገው። «ጆሮዋን እየው፣ አያ ጅቦ። ወድቋል። ነፋስ ነው።»

እመት ቀበሮ ጠጋ አለች። «ምን መስሎህ ነው?»

«አባቴ የገባ።»

«አባትህ ከሞቱ እኮ ስንት ክረምት አለፈ።»

«እኔማ አውቃለሁ። እግሮቼ ናቸው ያልሰሙት።»

«ይመቱህ ነበር?»

«እኔን በጥፍራቸው ነክተውኝ አያውቁም። እናቴን ነበር።»

አያ ጅቦ ነገር ቶሎ አይገባውም። ይህ ቃል ከአፉ ወጥቶ ጆሮው እስኪደርስ ኤሊ ወንዙን ተሻግራ፣ ዘመድ ጠይቃ ተመለሰች። ሲደርሰው ግን ቀስ ብሎ ወጣና ግልገሎቹን ተራ በተራ አያቸው።

«ቁስሉ ታየ፤» አለ አንበሳው። «ከእንግዲህ በየአዝመራው ስፍሩ ከዋሻው ይጀመር። የጠባቂው ትርፍ ከዚያ በኋላ ነው።»

«ለእኔስ?» አለ አያ ጅቦ። ጅብ ነዋ።

«አንተ እህሉን ተሸከም። ስታደርስ ደግሞ ከልጆቹ ጋር አቧራ ላይ ተንከባለል።»

በዚያ ቀን ጅብ ጭነት ተጭኖ፣ አህያ ከኋላው «መጭ፣ መጭ» እያለች ስትነዳው ታየ። ዋሻው ደጅ ሲደርሱ ሁሉም አቧራው ላይ ወደቁ። አያ ጅቦ ሲንከባለል የተነሳው አቧራ ማዶ ያለውን አገር ስላጨለመው፣ ሰዎቹ ዝናብ መጣ ብለው ያሰጡትን እህል አነሱ። ከአቧራው ውስጥ የግልገሎቹ ሳቅ ሲሰማ ዋለ፤ ከሁሉም የጎላው ግን የጅቡ ነበር።

ከዚህ የምንማረው፣ በቤቱ ዱላ ሲነሳ ያየ ልጅ ገላው ባይቆስልም ቁስለኛ መሆኑን፣ ከጋራ ጎተራችን በጊዜ ካልሰፈርንለትም ነገ በር በተጋጨ ቁጥር መደበቂያ የሚፈልግ ጎተራ ጠባቂ እንደምናሳድግ ነው።