ከሞተሩ ያልወረደው ጥሩምባ ነፊ

ድሮ ነው። ድሮ ስላችሁ አንበሳ ሲያወራ፣ ዛፍ ሲሄድ አይደለም። መብራት ሳይገባ፣ ስልክ በየኪሱ ሳይገኝ፣ ሰው ሞተ ሲባል መርዶውን ዞሮ የሚያደርስ ሰው በሚፈለግበት ዘመን ነው። ጠጋ በሉና ስሙ። ዛሬ ያልሰማ ነገ ይጠይቀኛል፤ እኔ ደግሞ ሁለት ጊዜ አላወራም።

በዚያ ዘመን ከገደሉ ሥር ስድስት መንደሮች ነበሩ። ሰባተኛዋ ከላይ፣ አፋፉ ላይ ነበረች። ሰባቱም የአንድ እድር ናቸው። ሰው ሲሞት ሰባቱ ይሰማሉ፤ ሰባቱ ይቀብራሉ። ያልሰማ አይመጣም፤ ያልተነገረው ይቀየማል፤ የተቀየመ ደግሞ እስከ ልጅ ልጁ ይቀየማል። አገራችንን እናውቀው የለም!

የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ቢያድግልኝ የሚባል ሰው ነበር። መሬቱ ጠባብ፣ ቁመቱ አጭር፣ ድምፁ ግን ገደል የሚሻገር። መጀመሪያ በእግሩ ነበር የሚዞረው። በኋላ እድሩ ያረጀች ሞተር ሳይክል በጨረታ ገዝቶ ሰጠው። ያኔ ዶቅዶቄ ነው የምንላት። ቢያድግልኝ ዶቅዶቄዋን ወደዳት። ጠዋት ይወለውላታል፤ ማታ ይወለውላታል። ሚስቱ አንጓች «እኔንስ አንድ ቀን እንዲህ አሻሽተኸኝ ታውቃለህ?» ትለው ነበር።

ዓመት አለፈ፤ ዓመት ተተካ። ዳሌው ታመመ። የቀኙ። መጀመሪያ ብሽሽቱን ወጋ አደረገው። ከዚያ ጭኑን ይዞ ወረደ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማድረግ አቃተው፤ አንጓች ታደርግለት ጀመር። ወጌሻ አሸው፤ ባሰበት። ጠበል ገባ፤ አልተወውም። ትልቁ ከተማ ሆስፒታል ወጣ። ሐኪሙ ራጅ አነሳውና አየው።

«የዳሌህ መገጣጠሚያ አልቋል» አለው። «አጥንት ካጥንት ጋር ነው የሚፋጨው። እሱ ወጥቶ ሰው ሠራሽ ይገባልሃል። ተራው ግን ረጅም ነው። ስንጠራህ ና።»

ቢያድግልኝ ተራ ይዞ ተመለሰ። ክረምት መጣ፤ ጠበቀ። በጋ ሆነ፤ ጠበቀ። ሲሄድ ያመዋል። በርጩማ ላይ ሲቀመጥ ያመዋል። በዚያ ጎኑ ሲተኛ ያመዋል። ዶቅዶቄዋ ላይ ሲሆንም ያመዋል፤ ግን ይሄዳል። መሬት ላይ ሲያነክስ የሚውለው ሰው ዶቅዶቄዋ ላይ ሲወጣ እንደማንም ይሄዳል።

ይሄ ነው ለሰው ያልገባው።

የመጀመሪያው ፈተና ከዚህ መጣ። አንድ ቀን ቀብር ላይ ቃሬዛ ተሸከም ተባለ። አልችልም አለ። ከቀብር በኋላ ዶቅዶቄዋን ይዞ ፈረጠጠ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ «ቃሬዛ ሲያይ ያነክሳል፤ ሞተር ሲያይ ይድናል» ተባለ። ነገሩ ሰባቱንም መንደር አዳረሰ። ደቦ ላይ ይወራል፤ ገበያ ላይ ይወራል። እድሩ ተሰበሰበ።

የእድሩ ዳኛ አቶ የሻነህ ነበሩ። ቀጥ ያሉ ሰው ናቸው። ቀጥ ከማለታቸው የተነሣ ጎንበስ ማለት የረሱ። ታከለ የሚባል የእህት ልጅ ነበራቸው፤ ጭኑ ግንድ የሚያህል ጎረምሳ። ዶቅዶቄዋን ባየ ቁጥር ምራቁን ይውጣል።

ቢያድግልኝ ራጁን ይዞ መጣ። ፀሐይ ላይ አንሥቶ አሳያቸው። ሁሉም አንጋጠው አዩ። ነጭ አዩ፤ ጥቁር አዩ።

«ይሄ የማን አጥንት እንደሆነ በምን እናውቃለን?» አሉ ዳኛው።

ሰው ሳቀ። እኔም እዚያ ስብሰባ ላይ ብኖር እስቅ ነበር፤ ምን ልዋሻችሁ።

«ከሞተሩ ውረድ» አሉት። «መታመምህ እውነት ከሆነ ውረድና ታመም። ካልታመምክ ደግሞ ውረድና ተሸከም።»

«አልወርድም» አለ ቢያድግልኝ። «ወርጄ አይቼዋለሁ። መሬት ላይ የሚጠብቀኝ በርጩማ ነው። ተራዬን በርጩማ ላይ ሆኜ አልጠብቅም። ውረድ ካላችሁኝ መጥታችሁ አውርዱኝ።»

 ሊያወርደው የተነሣ የለም። ዳኛው ፈረዱ። «እንግዲያው ስማ። አንድ መርዶ ያጓደልክ ቀን፣ አንድ መንደር ሳይሰማ የቀረ ቀን፣ ዶቅዶቄዋን ለታከለ ታስረክባለህ።»

«እሺ» አለ። አነከሰ፣ ሄደ፣ ወጣባት።

ሁለተኛው ፈተና ከገዛ እግሩ መጣ። ዶቅዶቄዋ የምትነሣው በቀኝ እግር ተረግጣ ነው። የታመመው ደግሞ ቀኙ ነው። አንድ ጠዋት ረገጠ፤ ዳሌው እምቢ አለ። ደግሞ ረገጠ፤ ላብ አጠመቀው። አንጓች ከኋላ ገፋችለት፤ ተነሣች። ከዚያ ወዲያ ዘዴ አበጀ። እግሩን አንሥቶ መሻገር ስለማይችል ዶቅዶቄዋን አጋድሞ ያስተኛታል፤ ይሻገራታል፤ ከዚያ በክንዱ ያቆማታል። የሚያቆማት ደግሞ ሁልጊዜ ቁልቁለት አናት ላይ ነው። ቁልቁል ይለቃታል፤ በማርሽ ትነሣለች። በየመንደሩ የቢያድግልኝ ቁልቁለት የሚባል ቦታ ተፈጠረ። ሰው ግን «ሞተሯን እንደ ሕፃን እያስተኛ» ብሎ ይስቅበት ነበር።

ሜዳው መንደር ግን ቁልቁለት የለውም። ስሙም ሜዳው ነው። እዚያ መንደር አንድ ትልቅ ሰው ሞቱ። ጥሩምባ ነፊ መጀመሪያ ለቅሶው ቤት ይሄዳል፤ ለሰዎቹ እግዜር ያጥናችሁ ይላል፤ የቀብሩን ሰዓት ይጠይቃል። ለቅሶ ቤት ደጃፍ ደግሞ ሰው ከበቅሎው ይወርዳል። ንጉሥም ቢሆን ይወርዳል። ደንብ ነው።

ቢያድግልኝ መጣ። ደጃፉ ላይ ቆመ። ባርኔጣውን አወለቀ። አልወረደም። ዶቅዶቄዋ ከለቅሶው ጋር ዶቅ ዶቅ ትላለች።

የሟቹ ልጆች ወጡ። «ውረድ!» አሉት።

«አልወርድም» አለ።

«የአባታችንን ሬሳ ታዋርዳለህ?» ብለው መሪውን ያዙ። አንዱ እጅጌውን ጨመደደው። ሌላው ዱላ ፍለጋ ዞረ። በዚህ መሐል የሟቹ ሚስት እማማ ዘርትሁን ድምፁን ሰምተው ከሴቶቹ መካከል ተነሡና ደጃፍ ወጡ።

«ምነው ልጄ?» አሉት። «ቤቴን ንቀኸው ነው?»

«እማማ፣ ብወርድ ሞተሯ ትጠፋለች። ከጠፋች ሜዳ ላይ አላስነሣትም። ካላስነሣኋት ለቀሩት መንደሮች ማን ይነግራል? እዚህ ወርጄ ባለቅስ እኔ አንድ ሰው ነኝ። ባልወርድ ስድስት መንደር አመጣለሁ።» ይሄን ሲል ፊቱ ከሥቃይ የተነሣ አመድ መስሏል።

እማማ ዘርትሁን አዩት። ፊቱን አዩ፣ እግሩን አዩ። ራጅ አላስፈለጋቸውም። ወደ ልጆቻቸው ዞሩና «ልቀቁት፤ አይውረድ» አሉ። ንፍሮ አምጡለት አሉ። ኮርቻው ላይ እንዳለ ቆንጥሮ በላ። ሄደ። ያን ቀን ስድስቱም መንደር መጣ፤ ሜዳው ጠበበ። ዳኛውም ይሄን ሰሙ። ምን እንዳሰቡ ግን አይታወቅም፤ የሰው ሆዱ የወፍ ወንዱ እንዲሉ።

አሁን ሦስተኛውን ስሙ።

ሁለተኛው ክረምት ገባ። ነሐሴ ነው። አንድ ጠዋት ሁለት ወሬ አብሮ መጣ። የመጀመሪያውን ከአፋፉ የወረደ ሰው አመጣው። «ሆስፒታሉ ጠርቶሃል» አለው። «ነገ ጠዋት ካልተገኘህ ተራህ ለሌላ ያልፋል። ዛሬ ከሰዓት አፋፉ ላይ የሚያልፈውን አውቶቡስ ያዝ።» ይህን ብሎ ሰውየው ወደ አፋፉ ተመለሰ። አንጓች እልል አለች። እልልታዋ ሳያልቅ ሁለተኛው ወሬ መጣ። የዳኛው የአቶ የሻነህ እናት አርፈዋል። ሞት የሰው ቀጠሮ መች ያውቃል።

ቢያድግልኝ ዶቅዶቄዋን ቁልቁል ለቀቃትና ወደ ዳኛው ቤት ሄደ። ግቢው ሜዳ ነው። ጭቃ ነው። መሐል ሲደርስ ጎማዋ ሰመጠ፤ ዶቅዶቄዋ ጠፋች።

ዳኛው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በባዶ እግራቸው ወጡ። የሆስፒታሉን ነገር ሰምተዋል።

«ሂድ» አሉት። «አውቶቡስህን ያዝ። መንገድ ላይ አትቁም። የእናቴን መርዶ ታከለ በእግሩ ያድርስ። የቆጡን አወርድ ብለህ የብብትህን እንዳትጥል።»

«ታከለ በእግሩ አፋፉ እስኪደርስ እናትዎ ተቀብረው ያድራሉ» አለ። «ወንድሞቻቸው ደግሞ አፋፉ ላይ ናቸው። እህታቸውን አፈር ሳይመልሱ ሊቀሩ ነው? ጥሩምባ ይዤ መንደር ለመንደር ዝም ብዬ አላልፍም።»

«ተራህ ቢያልፍስ?»

«ይለፍ። መጠበቅ እንደሆነ ለምጄዋለሁ።»

ረገጠ። ዳሌው ቋ አለ፤ የሰማ አለ ይባላል። ደግሞ ረገጠ። ጮኸ። ያ ወንድ ከዚያ በፊት ሲጮኽ የሰማው አልነበረም። ዶቅዶቄዋ ግን አልተነሣችም። ለቀስተኛው ሁሉ ቆሞ ያየዋል። ቢያድግልኝ ማንንም እርዱኝ አላለም። ብቻውን ሊገፋት አሰበና፣ ያን ሁሉ ጊዜ አልወርድም ያለው ሰው፣ ለመውረድ እግሩን ማንሣት ጀመረ።

«አትውረድ!» አሉ ዳኛው።

ነጠላቸውን ጣሉ። ጭቃው ውስጥ ገቡ። ጎንበስ ብለው ትከሻቸውን ከኋላዋ አስጠጉና ገፉ። የሻነህ! እናታቸው ቤት ውስጥ ተገንዘው፣ እሳቸው ጭቃ ለብሰው ዶቅዶቄ ይገፋሉ። ታከለ አየና ሮጠ፤ ገፋ። ለቀስተኛው ተነሣ፤ ገፋ። ዶቅዶቄዋ እንደ በሽተኛ ሳለች፣ ተንተባተበች፣ ተነሣች። ቢያድግልኝ ዞር ብሎ አላየም፤ ቢያይ ያለቅስ ነበር።

አንደኛው መንደር ደረሰ። ጥሩምባውን ነፋ። ተናገረ። ገፉት። ሁለተኛው መንደር ደረሰ። ነፋ። ተናገረ። ገፉት። እንዲህ እያለ ከሥር ያሉትን ጨረሰ። እማማ ዘርትሁን እንኳ በምርኩዛቸው ገፉ። ከዚያ ገደሉን ተያያዘው። ድንጋዩ በመታው ቁጥር ዳሌው ይቆረጣል። ጥርሱን ነክሶ፣ ጥሩምባውን እየነፋ ወጣ።

አፋፉ ላይ አውቶቡሱ ቀድሞ ደርሶ ነበር። ጠዋት የወረደው ሰው ነገሩን ለመንደሩ ነግሯል፤ ጥሩምባውም ከሥር ይሰማል። ሰዎቹ አውቶቡሱ ፊት ተደርድረው ቆሙ።

«ዞር በሉ!» አለ ሾፌሩ።

«ሰው እየመጣ ነው» አሉት።

«ስንት ሰው?»

«አንድ።»

«ለአንድ ሰው ነው እንዴ መንገድ የምትዘጉት?»

«አዎ» አሉት።

ቢያድግልኝ ደረሰ። መርዶውን ኮርቻው ላይ ሆኖ ተናገረ። የሟቿ ወንድሞች እየጮኹ ቁልቁል ወረዱ። መርዶውን ጨርሶ፣ ደግፉኝ ሳይል ዶቅዶቄዋን አጋደማት፣ ተሻገራት፣ በሁለት እግሩ ቆመ። አውቶቡሱ ውስጥ ገባ።

ዶቅዶቄዋን የመለሳት ታከለ ነው። ቢወጣባት ማን ይከለክለው ነበር? አልወጣባትም። እየገፋ ገደሉን ወረደ። ከዚያ ወዲያ መርዶ ሲመጣ ታከለ በእግሩ ዞረ፤ ዶቅዶቄዋ ባለቤቷን ጠበቀች።

ቢያድግልኝ ከፋሲካ በኋላ መጣ። ዳሌው ብረት ሆኖ፣ ያለምርኩዝ እየሄደ። በመጀመሪያው ቀን ዶቅዶቄዋ ላይ ሲወጣ ሰው ከኋላ ተሰበሰበና መግፋት ጀመረ።

«ልቀቁኝ! ድኛለሁ እኮ! ራሴ አስነሣታለሁ!» ብሎ ጮኸ።

«አትውረድ» አሉትና ገፉት። በነጋታውም ገፉት። እስኪያረጅ ድረስ ሲሳደብ፣ ሲገፉት ኖረ።

የሞተ ዕለት መርዶውን ማን ይናገር ተባለ። ዶቅዶቄዋን አወጧት። ማንም አልወጣባትም፤ ማንም አላስነሣትም። አንዱ መንደር ገፍቶ ለሁለተኛው አስረከበ፤ ሁለተኛው ለሦስተኛው። ባዶ ኮርቻዋን ያየ ሁሉ ማን እንደሞተ ለመጠየቅ አፉን አልከፈተም። ገደሉንም ተሸክመው አወጧት። ቢያድግልኝ ሰባቱንም መንደር ሳይወርድ ዞረ።

ለዚህ ነው በእኛ አገር ሞተር የሚያስነሣ ሰው ብቻውን የማይተወው። ባለፈው የመጣው የእርሻ ባለሙያ አዲስ ሞተር ይዞ ነበር፤ በጣት ተጭነው የሚያስነሡት። ሰው ሮጦ መጥቶ ሲገፋው ደነገጠ። «ኧረ ልቀቁኝ፣ ቁልፍ አላት!» እያለ ሄደ። ቁልፍ እንዳላትማ እናውቃለን። የታመመ ስንጠይቅም፣ የከፋው ስናጽናና፣ ተራ የሚጠብቅ ሰው ስናገኝ፣ ከኋላው ገብተን የምንለው ያንኑ ዳኛው ጭቃ ውስጥ ገብተው ያሉትን ነው። አትውረድ እንላለን። ብሎ ዝም ማለት ግን የለም፤ አትውረድ ያለ ሰው ይገፋል።