ፊት የሚያሳዩት መቶ ቢላዎች

ቀረብ በሉ ልጆቼ። አንተም ያን ዱላ አስቀምጥና ተቀመጥ።

በድሮ ዘመን፣ መስተዋት የሚባል ነገር በአገሩ ሁሉ ከፊታውራሪ ሽብሩ እልፍኝ በቀር በማይገኝበት ዘመን፣ ቢላዋና ማጭድ እየሳሉ የሚኖሩ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ጓንጉል ይባላል፤ ምላሱ ፈጣን፣ እጁ ሰነፍ። ሁለተኛዋ ትርንጎ ትባላለች፤ ቀጥቃጭ ባሏ የሞተባት፣ ዝምተኛ፣ ጸሎተኛ። ዝምተኛ ስላችሁ አፏን ነው እንጂ፣ ልቧስ ዝም አይልም ነበር።

ትርንጎ የምትስለው ወንዝ ዳር ነው። እዚያ ሦስት ድንጋዮች አሏት። አንደኛው ሻካራ ነው፤ የቢላዋውን ጉድፍ ይበላል። ሁለተኛው ለስለስ ያለ ነው፤ ስለቱን ያወጣል። ሦስተኛው ጥቁር ነው፤ ከወንዙ አለት ጋር አብሮ የተፈጠረ፣ እንደ ሕፃን ጉንጭ የለሰለሰ። እሱ ስለቱን መስተዋት ያደርገዋል።

ውሃ ታርከፈክፋለች፣ ትስላለች። ውሃ ታርከፈክፋለች፣ ትስላለች። አንድ ቢላዋ ሦስት ቀን ይፈጅባታል። ሲያልቅ ገላው እንደነበረው ጥቁር ነው፤ የሚያበራው ስለቱ ብቻ ነው፤ እሱም የክር ያህል ቀጭን። ከራሷ አንድ ጠጉር ነቅላ ትጥልበታለች። ጠጉሩ ለሁለት ከተከፈለ "ተመስገን" ብላ ለባለቤቱ ትሰጣለች። ካልተከፈለ ወደ ድንጋይዋ ትመለሳለች።

ጓንጉልስ? ጓንጉል ድንጋይ አይወድም፤ ድንጋይ ጉልበት ያሳምማል። እሱ አመድና ሎሚ ያመጣል፣ የቢላዋውን ገላ ፈተግ ፈተግ ያደርጋል፣ ቅቤ በነካው ጨርቅ ይወለውላል። ስለቱንማ ዘወር ብሎም አያየው። ከዚያ ቢላዋውን በባለቤቱ ፊት ቀጥ አድርጎ ይይዛል።

"እስቲ ፊትህን እየው!"

በዚያ አገር ሰው ፊቱን የሚያውቀው ኩሬ ላይ ጎንበስ ብሎ ነበር፤ እሱንም እንቁራሪት ካልረበሸው ነው። እንግዲህ ገበሬው ማጭዱን ተቀበለ፣ ፊቱን አየ፣ ጢሙን አሻሸ፣ ደስ ብሎት ሄደ። መሪጌታው ምላጩን ተቀበለ፣ ፊቱን አየ፣ ጥምጥሙን አቃና፣ ደስ ብሎት ሄደ። ባልቴቷ ቢላዋዋን ተቀበለች፣ ፊቷን አየች፣ ጥርሷን ቆጠረች፤ ሦስት ናቸው፤ እሷም ደስ ብሏት ሄደች።

በማግስቱ ገበሬው ገብሱን ነቀለው እንጂ አላጨደውም። መሪጌታው ራሱን ቧጨረው እንጂ አልተላጨም። ባልቴቷ ጎመኗን ደበደበችው እንጂ አልከተፈችም። ሦስቱም ወደ ጓንጉል ተመለሱ።

"ቢላዋው ምን በደለ?" አለ ጓንጉል። "የዛለው ክንዳችሁ ነው።"

ክንዴ ዝሏል ብሎ በአደባባይ የሚናገር ማን አለ? ገበሬው መሪጌታውን አየ፣ መሪጌታው ባልቴቷን አየ፣ ሦስቱም "ኧረ ደህና ይቆርጣል" ብለው ቤታቸው ገቡ። ከዚያ ወዲያ አገር በሙሉ ገብሱን እየነቀለ፣ ራሱን እየቧጨረ፣ ጎመኑን እየደበደበ ጓንጉልን ሲያመሰግን ኖረ።

ትርንጎ ይህን ሁሉ ከወንዝ ዳር ትሰማለች። "ጌታ ሆይ፣ ለዚህ ሕዝብ ዓይን ሰጥተኸዋል፤ ምን ሊሠራበት ነው?" ትላለች በልቧ። ከዚያ ደንገጥ ብላ "ይቅር በለኝ" ታማትባለች። ትንሽ ትስልና ደግሞ ታስባለች፤ ደግሞ ታማትባለች።

ጥር ሲገባ ፊታውራሪ ሽብሩ ሴት ልጃቸውን ሊድሩ ተነሡ። በዚያ አገር ልማድ የሙሽራው አባት ብርንዶውን በጥርሱ ነክሶ፣ ከከንፈሩ ሥር በቢላዋ ቆርጦ፣ የመጀመሪያዋን ቁራጭ ካልዋጠ ሙሽራዋ ከአባቷ ቤት አትወጣም። ለሠርገኛው ሁሉ ደግሞ መቶ ቢላዋ ያስፈልጋል።

ጓንጉል አንድ ቢላዋ ወልውሎ ሮጠ። "ጌታዬ፣ እስቲ ፊትዎን ይመልከቱ!"

ፊታውራሪ አዩ። ወደ ቀኝ ዞረው አዩ። ወደ ግራ ዞረው አዩ። "የኔ መስተዋት እንኳ እንዲህ አምሬ አያሳየኝም" አሉ። "መቶውንም አንተ ሥራ። ምን ላድርግልህ?"

"የወንዙን ዳር ይስጡኝ ጌታዬ። ያቺ ቀጥቃጭ ሴትዮ እዚያ ተጎልታ የመንገዱን መልክ ታበላሻለች።"

"ከሠርጉ ማግስት ትነሣ፤ ውሰደው!" አሉ፤ ዓይናቸውን ከቢላዋው ላይ ሳያነሡ።

መልክተኛ ወረደ። "ትርንጎ፣ ከሠርጉ ማግስት ከዚህ ትነሻለሽ ተብሏል።"

"ድንጋዮቼስ?"

"ሁለቱን ተሸክመሽ ሂጂ።"

"ጥቁሩስ?"

"እሱማ አለት ነው። አለት በጀርባ ይታዘላል?"

ትርንጎ ጥቁሩን አለት በመዳፏ ዳበሰችው። ያ ጥቁር ድንጋይ ከሌለ ስለቷ ጠጉር አይከፍልም፤ ከዚህ ሥራ ሌላ ደግሞ አታውቅም። እንጀራዋ ያ አለት ነው። ምን ታድርግ? ተንበርክካ ጸለየች፤ እዚያው በተንበረከከችበት የጀመረችውን ቢላዋ አንሥታ መሳል ቀጠለች።

ጓንጉል ርስቱን ሊጎበኝ መጣ። "አንቺ ሴትዮ! በዚህ ሳምንት ስንት ሳልሽ?"

"ሁለት።"

"እኔ መቶ!"

"ይቆርጣሉ?"

"ያበራሉ!"

"አዬ፣ ይቆርጣሉ ወይ ነው ያልኩህ።"

"መቁረጥ የክንድ ነው። አገር ተቀብሎኛል፤ አንቺ ማን ነሽና?"

"ማርያም ሆይ፣ አፌን ያዥልኝ" አለች ትርንጎ በልቧ። "ያሰብኩትን ከተናገርኩ አንድ የንስሐ አባት አይበቃኝም።"

የሠርጉ ቀን ደረሰ። ዳሱ ሞላ። መቶው ቢላዋ ሲታደል ዳሱ እንደ መብረቅ አበራ። ጓንጉል መሐል ቆሞ ለፈፈ፦ "ይህ ቢላዋ የማይቆርጠው በፈሪ እጅ ብቻ ነው!"

የሙሽራው አባት ባላምባራስ ጥሶ ብርንዶውን ነከሱና ቢላዋውን ሳቡ። ሥጋው ተለጠጠ። ሁለተኛ ሳቡ። ሥጋው ይበልጥ ተለጠጠ፤ አዋዜው ነጠላቸው ላይ ተረጨ። ሦስተኛ ሲስቡ ሥጋው ከእጃቸው አመለጠና ግንባራቸውን በጥፊ አላቸው።

የሳቀ የለም። ማን ይስቃል? ዳሱ በሙሉ ሥጋ ከጥርሱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ፈሪ እንዳይባል እየገዘገዘ፣ ዕረፍት ሲያምረው ቢላዋው ላይ ፊቱን ያያል።

ባላምባራስ ቢላዋውን ወረወሩት። "ሽብሩ! ደነዝ ቢላዋ ያስያዝከኝ ክንድህ ዝሏል፣ ጥርስህ አርጅቷል ልትለኝ ነው? ሠርጉ ቀርቷል! ልጄን ይዤ እሄዳለሁ!"

ሙሽራዋ ከመጋረጃው ኋላ ማልቀስ ጀመረች። ባላምባራስ ግን ሊወጡ ሲሉ ዓይናቸው ሥጋው ላይ ወደቀ፤ ቆም አሉ።

"ይህን ብርንዶ ከበሬው ላይ ያወረደው ማን ነው? ቁርጡን እዩት፤ እንደ ሐር ለስልሷል። ይህን እነዚህ ጉዶች አልቆረጡትም!"

ሥጋ ቆራጩ ወሰኔ ከጓዳ ተጠራ። አንድ እጁን ከኋላው ደብቆ መጣ።

"በምን ቆረጥከው?"

"በ... በጥቁሯ፣ ጌታዬ።"

"የማን ጥቁር?"

"የትርንጎ። እኛ ሥጋ ቆራጮች ጓዳ ውስጥ በሷ ነው የምንሠራ። የጓንጉልን ግን ሰው ፊት ስንወጣ እንይዘዋለን።"

ባላምባራስ ጥቁሯን ተቀበሉ። ብርንዶውን ነከሱ፤ አንዴ ብቻ ሳብ አደረጓት። ተቆረጠ። ዋጡ። ሴቶቹ እልል አሉ።

ፊታውራሪ በእፍረት ቀልተው ጓንጉልን ጠሩት። "መቁረጥ የክንድ ነው ብለሃል። በል አንተ ባለ ክንድ፣ ቁረጥ!"

ጓንጉል በራሱ ቢላዋ ገዘገዘ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ሥጋው ከጢሙ ጋር ተጣበቀ እንጂ አልተቆረጠም። ያኔ ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉ አብልጦ የሳቀው ማን ይመስላችኋል? ያው ገብሱን ሲነቅል የከረመው ገበሬ ነዋ! "እኔማ ዱሮም ነቅቼበት ነበር" አለ፤ ሰውዬው እፍረት አልፈጠረበትም።

ትርንጎ ከወንዝ ተጠርታ መጣች። "የወንዙ ዳር ያንቺ ነው፤ የሚነካሽ የለም" አሏት ፊታውራሪ። "ይህን ቀጣፊ ምን እናድርገው?"

"መቶውን ቢላዋ ተሸክሞ ይምጣና ከድንጋዮቼ ላይ ተንበርክኮ ይሳላቸው" አለች።

በመጀመሪያው ቀን ጓንጉል ጉልበቴን አለ። በሁለተኛው ቀን ወገቤን አለ። በሦስተኛው ቀን አንዲት ቢላዋ እንኳ ሳይጨርስ ቀና ብሎ "ይህን ክር የሚያህል ስለት ማን ያይልኛል ብዬ ነው የምሞተው?" አላት።

"የሚቆረጠው ያየዋል" አለች ትርንጎ፤ ውሃ አርከፈከፈችለት።

በአራተኛው ቀን ጠፋ። ፊታውራሪ አሳድደው አስያዙትና በቅሎ ቤት አስገቡት፤ የልጓምና የኮርቻ ነሐስ ወልዋይ አደረጉት። እዚያ አረጀ። በቅሎዋ መቼም ይቆርጣል ወይ ብላ አትጠይቀው። መቶውን ቢላዋ ትርንጎ አንድ በአንድ ስላ ጨረሰቻቸው፤ የሚቸኩል ካለ ይቸኩል ብላ፣ ሦስት ሦስት ቀን።

አያችሁ ልጆቼ፣ ሰው ለሚያየው ብቻ የሚለፋ ሰው መጨረሻው ይህ ነው። ደነዙን ነገር ደነዝ ለማለት ጎረቤቱን የሚጠብቅም ከሱ አይሻልም፤ እሱም ሥጋ ከጥርሱ ላይ አንጠልጥሎ ሲገዘግዝ ውሏል። እናንተ ስትሠሩ ሥራው የሚያርፍበትን ቦታ አሳምሩት፤ ሌላው ባያየው እግዚአብሔር ያየዋል።

እኔ የያዝኩትን ሰጠኋችሁ፤ እናንተም ሳታጎድሉ ለታናናሾቻችሁ አድርሱልኝ።