«ተስማማው»

አንዲት እናት ነበረች፤ የመጀመሪያ ልጇን የወለደች። ልጁ ያለቅሳል። ሁሉም ልጅ ያለቅሳል ትሉኝ ይሆናል፤ ይሄኛው ግን ጉድ ነው! ብታጠባው፣ ብታዝለው፣ እሹሩሩ ብትለው፣ ወይ ፍንክች!

የሚኖሩት ኪራይ ቤት ነው፤ ግድግዳው ችፑድ። ልጁ ኡዋ ባለ ቁጥር ከግድግዳው ወዲያ አከራይዋ እትዬ ጥሩነሽ «እህህ!» ይላሉ። ያቺ ሳል «ቤቴን ልቀቁ» የምትል እየመሰላት እናትየው ቁጭ ማለት አቃታት። ትነሳለች፣ ትዞራለች፣ ደግሞ ትቀመጣለች።

«ታፈሰ፣ ያን የውሸት ጡጦ ግዛልኝ፤ ላብድ ነው!» አለችው ባሏን። ገዛላት። ልጁ ትፍ! ሌላ አመጣ። ትፍ! በመጨረሻ ልጇን አዝላ ራሷ መድኃኒት ቤት ሄደች። ይሄ ጠነከረ፣ ይሄ ለትልቅ ልጅ ነው እያለች አገላበጠች።

«ጡት መያዝ በደንብ ለምዷል?» አለቻት ሻጯ። «መጀመሪያ እሱ ይሻላል።»

«እሱን ተይው እህቴ፤ ብቻ ዝም የሚያሰኘውን ስጪኝ!»

የመረጠችው ጥሩ ነበር። ለስላሳ፣ አንድ ወጥ፣ አየር ማስገቢያ ያለው። ዕቃው ምንም አላጠፋም፣ ወገኖቼ። ልጁም ያዘው፤ ዝም አለ።

እትዬ ጥሩነሽ በራቸውን ከፍተው መጡ። «እሰይ! ተስማማው!» አሉ። ታፈሰም «ተስማማው!» አለ። እስቲ እናንተ ንገሩኝ፣ እኛ ልጅን «ተስማማው» የምንለው መቼ ነው? ጠብቶ ጉንጩ ሲሞላ አይደለም እንዴ? እነሱ ግን ለባዶ ላስቲክ አሉት።

እናትየው ግን ዝምታው አልጣማትም። እየተነሳች አፍንጫው ሥር እጇን ታስጠጋለች። ይተነፍሳል። ድሮ ወተቷ ቀሚሷን ያበሰብሰው ነበር፤ አሁን ደረቅ ነው። ጡቷን ስትሰጠው ትንሽ ይስብና እንቅልፍ ይወስደዋል። «ምን ሆኜ ነው እንዲህ የምጨነቀው? ሰላም ሲሆንም አልወድም?» ብላ ራሷን ተቆጣች።

ለክትባት ወሰደችው። ነርሷ መዘነችው፤ አንስታ እንደገና መዘነችው።

«ሲርበው አያለቅስም?»

«ኧረ በጭራሽ! ጨዋ ሆኖልኛል።»

«ጨዋ አልሆነም፣ እናቱ። ጠይቆ ጠይቆ ደክሞት ነው» አለችና ጡጦውን ከአፉ አወጣችው። «ከስቷል፤ ስለማይጠባሽም ወተትሽ እየሸሸ ነው።»

ልጁ አፉን ከፈተ። ድምፅ የለም። ያቺ ዝምታን ስትለምን የከረመች እናት ምን እንዳለች ታውቃላችሁ? «አልቅስ! የኔ ጌታ፣ በእናትህ አልቅስልኝ!» እያለች እሷ ራሷ ታለቅሳለች። ቆይቶ አንዲት ቀጭን ድምፅ ወጣች። ኡዋ! ያን ጊዜ የቀሚሷ ደረት ረጠበ። ወተቱ መጣ።

እናንተስ? ነፍሳችሁ ስታለቅስ ምን ታጎርሷታላችሁ? ስልክ? ሥራ? የሰው ወሬ? እኔን የሚያስፈራኝ ከአፏ የምትተፋው አይደለም፤ የተቀበለችው ነው። ከእህትሽ ጋር ከተኳረፍሽ ስንት ጊዜሽ ነው? መጀመሪያ እንቅልፍ አጥተሽ ነበር፤ አሁን ትተኛለሽ። ጸሎት የተውክ ጊዜ ቅር ብሎህ ነበር፤ አሁን ምንም አይልህም። ዳንክ? ወይስ ነፍስህ ጠይቃ ጠይቃ ደከማት?

ይሄ የኔ ስብከትም ቢሆን ያው ላስቲክ ሊሆን ይችላል፤ አትሳቁ! ሰምታችሁ፣ ራሳችሁን ነቅንቃችሁ፣ በባዶ ሆድ ትተኙበታላችሁ። ስለዚህ በር ላይ ስታገኙኝ «አባታችን፣ ዛሬስ ስብከቱ ተስማማን» እንዳትሉኝ። አውጡት ያን ነገር ከአፋችሁ። ድምፃችሁ ቢቀጥንም በእግዚአብሔር ፊት አልቅሱ። እሱ ከችፑድ ወዲያ ሆኖ «እህህ» አይልም፤ ልጁ እስኪያለቅስለት የሚጠብቅ ነው።