ስድስተኛው ረድፍ

አንድ ጊዜ፣ ዝናብ ከጠፋ ብዙ ወራት ባለፉት ሜዳ ላይ፣ አንበሳ፣ ጅብ፣ ቀበሮ፣ ጦጣና ኤሊ በአንድ ሾላ ዛፍ ሥር ተጠግተው ይኖሩ ነበር። አህያም ከእነሱ ጋር ነበረች። የአካባቢው ወንዝ ደርቆ ድንጋዩ ብቻ ስለቀረ፣ ውሃ የሚገኘው ከሁለት ኮረብታ ማዶ ካለ ምንጭ ነበር። ጭነት የምትችለው አህያ ብቻ ናት። በየጠዋቱ አሥራ ሁለት ቅል በቀኟ፣ አሥራ ሁለት ቅል በግራዋ አንጠልጥላ ትሄዳለች፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሁሉንም ሞልታ ትመለሳለች።

ማካፈል የምታውቀው ደግሞ ቀበሮ ብቻ ነበረች። ውሃው ሲወርድ ሁሉም ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። እሷም መሃል ቆማ በየቀኑ ያንኑ ጥያቄ ትጠይቃለች።

«ሃያ አራት ቅል ውሃ አለ። አምስት እንስሳት አሉ። ለእያንዳንዱ ስንት ስንት ይደርሰዋል?»

የሚመልስ የለም። አንበሳ ያንቀላፋል፤ ጅብ በጣቶቹ መቁጠር ይጀምርና አምስት ላይ ሲደርስ ይጠፋበታል። ስለዚህ ቀበሮ ራሷ ትመልሳለች። አራት አራት ይደርሳል፣ አራት ቅል ይተርፋል፤ የተረፈው ደግሞ ላካፈለችው ለእሷ ነው። እንዲህ እያለች በየቀኑ ስምንት ቅል ይዛ ወደ ጉድጓዷ ትገባለች።

አምስት የተባለው መጀመሪያ በተንኮል አልነበረም። እንስሳቱ በተቆጠሩበት ቀን አህያ ውሃ ልትቀዳ ሄዳ ነበር። ከዚያ በኋላ እንደገና የቆጠረ የለም። አህያ አንድ ጊዜ ድርሻዋን ብትጠይቅ፣ ከምንጩ ጠጥተሽ መጥተሽ የለም ወይ አሏት። እውነት ነው፣ ጠጥታለች። ግን ሁለቱን ኮረብታ ስትወጣ ውሃው ጀርባዋ ላይ እየተንቦጫቦጨ ጉሮሮዋ ይደርቃል። ጥማቱንስ ለምዳዋለች። ያልለመደችው ሌላ ነገር ነው። እነሱ እየጠጡ ሲጫወቱ፣ እሷ ከዛፉ ጀርባ ብቻዋን ቆማ ሳቃቸውን ትሰማለች።

አንድ ቀን እዚያው ከዛፉ ጀርባ በሰኮናዋ ሃያ አራት ጠጠር ሰበሰበች። የቀበሮን ጥያቄ በቃሏ ታውቀዋለች። ይሄ ለአንበሳ፣ ይሄ ለጅብ እያለች አምስት ረድፍ አድርጋ በየተራ ደረደረች። በየረድፉ አራት አራት ሆነ። አራት ጠጠር ተረፈ።

የተረፉትን ብዙ ቆማ አየቻቸው። ከዚያ የሚያያት እንደሌለ ዞር ዞር ብላ ተመለከተችና፣ ከአምስቱ በታች ስድስተኛ ረድፍ ጀመረች። አራቱም ገቡ። ምንም አልተረፈም። የአንበሳ ረድፍ አላጠረም፤ የኤሊም አላጠረም። እሷ ስትጨመር ከማንም ላይ አንድ ጠጠር አልጎደለም። በጣም ደስ አላት። ደስታዋን የምትነግረው ግን አልነበራትም።

ሦስት ቀን ዛሬ እናገራለሁ፣ ነገ እናገራለሁ ስትል አለፈ። በአራተኛው ቀን ቀበሮ «አምስት እንስሳት አሉ» ስትል፣ አህያ ከዛፉ ጀርባ ወጣች።

«እመት ቀበሮ፣ ስድስት ነን» አለች። ጉሮሮዋ ስለደረቀ አልተሰማላትም፤ ደገመችው።

ቀበሮ ሳቀች። «አህዬ፣ አንቺ መሸከሙን ተሸከሚ፣ ሒሳቡን ለእኛ ተዪው። ጥያቄው ውስጥ አህያ የለችም።»

ጦጣም ሳቀች። ጅብ ግን ስድስት ከሆንን የእኔ ሊቀንስ ነው ብሎ ደንግጦ፣ አጠገቡ ያለውን ቅል እቅፍ አደረገ። አህያ ልትመለስ ፊቷን አዞረች። ከዚያ ቆመች።

«ጥያቄው ውስጥ አህያ ከሌለች፣» አለች ቀስ ብላ፣ «ውሃው በምን መጣ?»

ሳቁ ቆመ። አንበሳ ዓይኑን ገለጠና፣ ዛሬ አንቺ አካፍዪ አላት። አህያም ቅሎቹን አንድ በአንድ በየፊታቸው አስቀመጠች። በየዙሩ መጨረሻ ላይ፣ በኤሊና በጦጣ መካከል ባለው ባዶ ቦታ አንድ ታኖር ነበር። ሃያ አራቱ ሲያልቁ ወደ ጅብ ዞረች።

«አያ ጅቦ፣ ትናንት ስንት ቅል ደረሰህ?»

«አራት።»

«ዛሬስ?»

ጅብ ቆጠረ። አላመነም፤ እያሸተተ እንደገና ቆጠረ። «አራት» አለ፣ ትንሽ ቅር ብሎት። ከዚያ ግንባሩን ቋጠረ። «ታዲያ ያ በየቀኑ ይተርፍ የነበረው የት ገባ?»

ሁሉም ቀበሮን አዩ። ቀበሮ ጭራዋን አየች።

አንበሳ አልተቆጣም። የቀበሮም አራት ቅል እንደማንኛውም ለእሷው እንዲቀርላት አደረገ። ከዚያ እንዲህ አለ፦ «ከነገ ጀምሮ ስንቆጠር መጀመሪያ የሚቆጠረው፣ እዚህ የሌለው ነው።»

አህያ ክብ ውስጥ እንዴት እንደሚቀመጡ አታውቅም ነበር። ቅሎቿ አጠገብ እንደቆመች ቀረች። ኤሊ ትንሽ ፈቀቅ አለችላት። አህያም ጉልበቷን አጥፋ ተቀመጠችና፣ ራሷ ያመጣችውን ውሃ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሌሎቹ ጋር ጠጣች።

ከዚህ የምንማረው፣ ከማካፈላችን በፊት የቀረ እንዳለ ዞር ብለን ማየት እንደሚገባንና፣ የተረሳው ሲጨመር የእኛ ድርሻ የሚጎድል የሚመስለን ብዙ ጊዜ ሳንቆጥር ስለምንፈራ መሆኑን ነው።