ስሟን አልጠራም ያሉት ሸህ

በቀድሞ ዘመን፣ መስጊዷ የሳር ክዳን በነበረ አንዲት ድሃ የገጠር ከተማ ሸህ ሙዘይን የሚባሉ አሊም ይኖሩ ነበር። ቁርኣን ያቀራሉ፤ የታመመ ሲመጣላቸው ዱዓ አድርገው ጥቁር አዝሙድ በማር ለውሰው ይሰጣሉ። ዋጋ አይቀበሉም። የማያውቁት ሕመም ሲገጥማቸውም "ይሄን አላውቀውም" ለማለት አያፍሩም።

አንድ ክረምት የባላባቱ የሙሄ ልጅ ሰዕዳ በተቅማጥ ወደቀች። ሸሁ ተጠርተው ሲደርሱ ግቢው በሰው ተሞልቷል።

"ልጄን የበላቻት ጦይባ ናት" አለ ባላባቱ። ጦይባ ከወንዙ ማዶ ብቻዋን የምትኖር ሸክላ ሠሪ ናት፤ ሰው ቡዳ እያለ ይሸሻታል። "እርስዎ በሕዝቡ ፊት ስሟን ይጥሩልኝ። የቀረውን እኔ አውቅበታለሁ።"

ሸህ ሙዘይን የጦይባ ጎጆ ሲቃጠል ታያቸው። ልጅቷን ዳሰሱ፣ ቁርኣን ቀሩባት፣ የምትጠጣውን ውሃ አስቀርበው አሸተቱ።

"ምንጫችሁ ጎርፍ የከብት እዳሪ አስገብቶበታል። ውሃውን አፍሉት፤ ሲበርድ ማርና ትንሽ ጨው ጨምራችሁ ቶሎ ቶሎ አጠጧት። ጦይባ ምንም አላደረገች።"

"ስሟን ይጥሩ ነው ያልኩት!"

"አልጠራም።"

"እንግዲያው ከመሬቴ ይውጡልኝ!"

"መሬቱስ የአላህ ነው" አሉና ኪታባቸውን በብብታቸው ይዘው፣ ሕዝቡ እያየ ወንዙን ተሻገሩ። ከጦይባ ደጃፍ ቁርበታቸውን አነጠፉ።

ጦይባ ደነገጠች። "አባባ፣ በእኔ የተነሳ እርስዎንም ይጠሉዎታል።"

"ይጥሉኝ ልጄ። ሊያቃጥል የመጣ መጀመሪያ እኔን ያገኛል።"

ሁለት ቀን ማንም ዝር አላለም። በሦስተኛው ቀን የሰዕዳ እናት ባሏን ሳታስፈቅድ፣ በጠራራ ፀሐይ ወንዙን ተሻግራ መጣች። "እንዳሉኝ አፍልቼ አጠጣኋት። ዛሬ ተነስታ ተቀመጠች" አለችና ጦይባ እግር ስር ወድቃ አለቀሰች። ከዚያ ወዲያ በሽተኛው ሁሉ ሸሁን ፍለጋ ጦይባ ደጅ ይሰለፍ ጀመር።

ባላባቱ "ይመለሱልኝ" ብሎ ሽማግሌ ላከ። ሸሁ ከተቀመጡበት አልተነሱም።

"ይቅርታውን እሷን ይጠይቅ። እኔ በአላህ ስም በሽተኛ በዳሰስኩበት እጅ ሰው አላስገድልም።"

ወገኖቼ፣ ልብ በሉ፤ ሸሁ ለባላባቱ መድኃኒቱን አልነፈጉትም። የነፈጉት ውሸቱን ነው። ሽፋእ፣ ፈውሱ፣ ከአላህ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ለበሽታው ሁሉ ጥፋተኛ አይፈልግም። እኛስ ቤታችን ሕመም በገባ ቁጥር የማንን ደጅ ነው በጣታችን የምንጠቁመው?