እፎይ በር

የሰላን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ደጋው ለሚወጣ መንገደኛ የመጨረሻው አቀበት የሚያበቃበት ጠባብ መተላለፊያ እፎይ በር ይባላል። እንግዳ ሰው ስሙን ሲሰማ አቀበቱን ጨርሶ የተነፈሰ መንገደኛ ያወጣለት ይመስለዋል፤ የአገሩ ሽማግሌዎች ግን ስሙ የወጣው ከቆላ በወጣ ደካማ ሳይሆን ከደጋ በፈረስ በመጣ ጌታ ነው ይላሉ።

እንደሚነገረው በመሳፍንቱ ዘመን ደጋውን የሚገዛ ደጃዝማች ወልደ ቂርቆስ የሚባል ሰው ነበር። የእህቱን ባል አንድ ባላንጣው በጦር ሜዳ ስለ ገደለበት፣ ገዳዩ በሞተ ጊዜ ርስቱን ወርሶ አንድ ልጁን ደባልቄን ብቻውን ወደ ቆላ አሳደደው፤ ሁለቱ ቤቶች ከእንግዲህ እንዳይጋቡም በታቦት ፊት ማለ። ይሁን እንጂ ስደተኛው የቆላውን ሰው አሰባስቦ የሚመለስ እየመሰለው ዕረፍት አጣ፤ ምግብ ሳያስቀምስ አይበላም፣ ቢተኛም ጎኑ እንጂ ዓይኑ አያርፍም ነበር ይባላል።

በሦስተኛው ዓመት አባቷ የተገደለባትን የእህቱን ልጅ ትርንጎን አስጠራት። ትርንጎ በፈትል የታወቀች ነበረች።

«የአባትሽን ደም ለመመለስ ጦር አያሻሽም፤ ዓይን ይበቃሻል» አላት።

ራብ ያፈናቀላት መስላ እንድትወርድ፣ የፈተለችውን በልቃቂት ጠቅልላ በጨው ነጋዴ እጅ እንድትልክ፣ ደባልቄ ላሰባሰበው ለእያንዳንዱ አሥር ነፍጠኛም በድሩ ላይ አንድ ቋጠሮ እንድትቋጥር ተስማሙ።

ትርንጎ ጥላቻዋን ይዛ ወረደች። ያገኘችው ግን ማሽላ ሲያርም የዋለ፣ እጁ የሻከረ ሰው ነበር። ውሃ ብትለምነው ስሟን እንኳ ሳይጠይቅ ቅሉን ሰጣት፤ ጎረቤቶቹን ለምኖም ጎጆ አሠራላት። ስትሰልል ከርማ በመንደሩ ያየችው ሁለት ነፍጥ ብቻ ነው፤ ሁለቱም ለከርከሮ ነበሩ። የመጀመሪያው ልቃቂት ያለ ቋጠሮ ሄደ፤ ሁለተኛውም ሦስተኛውም እንዲሁ። ደባልቄ ከእርሻ ሲመለስ ከምትፈትልበት ጥላ ሥር ተቀምጦ ያጫውታት ነበር፤ እሷ አባቷን እያሰበች መልስ ታሳጥርበታለች። እያደር ግን እሱ የዘገየ ቀን ፈትሉ ይበጠስባት ጀመር ይባላል።

ደጃዝማቹ ባዶውን ድር አላመነም። «ልጅቷን አታለዋታል» ብሎ፣ በቁስቋም ማግስት በጦር ስለሚወርድ ከዚያ በፊት እንድትወጣ ላከባት። ትርንጎም መልእክቱ በደረሳት ዕለት ደባልቄ ወፍ ወደሚጠብቅበት ማሳ ሄደች።

«የደጃዝማች ወልደ ቂርቆስ የእህት ልጅ ነኝ። አባትህ የገደለው አባቴን ነው። የመጣሁትም ልሰልልህ ነው» አለችው።

ደባልቄ ወንጭፉን መሬት አስቀመጠ። «ከደጃዝማቹ ዘንድ መላክሽን አውቃለሁ» አላት።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ውሃ ስጠኝ ካልሽኝ ጀምሮ። እንዲያ አድርጎ የሚናገር ከአገሬ ሰው በቀር የለም።»

«ታዲያ ለምን አላባረርኸኝም?»

«የምደብቀው አልነበረኝም። ደግሞ ያን ጊዜ የአገሬን አነጋገር ከሰማሁ ሦስት ዓመት ሆኖኝ ነበር።»

ትርንጎ አለቀሰች፤ እንዲሸሽም ለመነችው። እሱ ግን «ከዚህ ወዲያ ወዴት እሸሻለሁ?» ብሎ፣ ምሕረት የሚለምን ሰው እንደሚያደርገው በአንገቱ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ያለ ጋሻና ያለ ጦር አቀበቱን ተያያዘው። እሷም ከፊቱ ቀደመች።

ከመተላለፊያው ሲደርሱ ደጃዝማቹ ሠራዊቱን አሰልፎ አገኙት። ነፍጠኞቹ ማነጣጠር ሲጀምሩ ትርንጎ ሮጣ ከፈረሱ ፊት ቆመች።

«አጎቴ፣ ከኋላው ማንም የለም። በዓይንዎ ይዩት» አለችው።

ደጃዝማቹ ሸለቆውን እስከ ወንዙ ድረስ ቃኘው። ከፍየሎች በቀር የሚንቀሳቀስ አልነበረም።

«ሠራዊቱስ?»

«ኖሮም አያውቅ። ድሩ እውነቱን ነግሮዎታል።»

ደባልቄ ተንበረከከ። «አባቴ ስላፈሰሰው ደም ምሕረት እለምናለሁ። ርስቴን አልጠይቅም» አለ።

«ታዲያ ምን ትጠይቃለህ?»

ቀድማ የመለሰችው ትርንጎ ናት። «እኔን ነው። እኔም እሱን። የሞተው አባቴ ነውና ደሙን ይቅር የምለው እኔ ነኝ» አለችና ድንጋዩን ከአንገቱ አውርዳ መሬት አኖረችው።

ደጃዝማቹ ከፈረሱ ወርዶ ሣር ላይ ተቀመጠና «እፎይ» አለ። ሽማግሌዎቹ እንደሚሉት ከዚህ ሌላ ቃል ሳይናገር በካባው ላይ ጋደም ብሎ እንቅልፍ ወሰደው፤ የሦስት ዓመት እንቅልፍ ነውና ሠራዊቱ እንዳይቀሰቅሰው ጋሻውን በቀስታ እያስቀመጠ ጥላው እስኪረዝም ድረስ ቆመ። ሲነቃ በመጀመሪያ የጠየቀው «እነዚህ ልጆች እህል ቀምሰዋል?» ብሎ ነው። መሐላውን የነፍስ አባቱ በንስሐ ፈቱለት፤ ርስቱንም መለሰ፤ ሠርጉንም እሱ ራሱ ደገሰ ይባላል።

ዛሬም የደጋና የቆላ ሰው ሲጋባ ሙሽሮቹ የሚታጀቡት በዚያ መተላለፊያ ነው። ሙሽራው በትከሻው ላይ ያኖራትን ጠጠር ሙሽራዋ አንሥታ ከአሮጌው ድንጋይ አጠገብ ታስቀምጣለች፤ ክምሩም የሰው ወገብ ደርሷል። ያን ጊዜ አጃቢው ሁሉ በአንድ አፍ «እፎይ» ይልና ዘፈኑ ይቀጥላል።