ጋዙ የሚወጣበት ቦታ

አንድ ሹፌር ነበረ። እህቴ፣ ከሐዘንሽ ወዲህ ይህን ያህል ሰው እየመጣ ሲያጽናናሽ መጽናናቱ ሦስት ቀን እንኳ የማይቆይልሽ ለምን እንደሆነ ጠይቀሽኛልና የዚህን ሰው ነገር ልንገርሽ።

ሹፌሩ የሚኖረው ከአዋሽ ወዲያ ባለው ቆላ ነው። ሚስቱ ኩላሊቷን ስለታመመች በሳምንት ሁለት ቀን ለእጥበት አዳማ ድረስ ይወስዳት ነበር። መንገዱ ረጅም ነው፤ መስኮት ቢከፈት የሚገባው አየር ፊት ይለበልባል። እሷ ደግሞ እንደ ልቧ ውሃ እንድትጠጣ አልተፈቀደላትም። የመኪናው ማቀዝቀዣ፣ ኤሲው፣ ለሌላ ተሳፋሪ ምቾት ይሆናል፤ ለእሷ ግን በሕይወት መድረስና አለመድረስ ነበር።

ይህ ኤሲ አንድ ቀን ሞቃት አየር መንፋት ጀመረ። ሹፌሩ አንድ ጋራዥ ወሰደው፤ ጋዝ ሞሉለትና ቀዘቀዘ። በአሥረኛው ቀን ያው ሆነ። ሌላ ጋራዥ ሄዶ እንደገና አስሞላ፤ ሳምንት አልቆየም። ሦስተኛው ጋራዥ ማራገቢያውን ለውጦ ጋዝ ሞላለት። በአራተኛው ቀን ሚስቱ መተሐራ ላይ ራሷን ሳተች። ተሸክሞ አውርዶ ከአንድ ግራር ሥር አስተኛትና ነጠላዋን በውሃ ነክሮ ደረቷ ላይ አደረገላት። ስትነቃ «ደረስን?» አለችው። ያቺ ቃል ከሹፌሩ ጆሮ አልወጣ አለች።

አዳማ ውስጥ ስለሚሠራ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ሰው ነገረውና፣ ከሕክምናው መልስ ሚስቱን ከኋላ ወንበር እንደተቀመጠች ይዟት ሄደ።

«ጋሼ፣ ጋዝ ይሙሉልኝ» አለ።

«ስንተኛ ጊዜህ ነው?»

«አራተኛዬ።»

«እንግዲያስ ችግርህ ጋዝ አይደለም። ጋዝ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም። ካለቀ የወጣበት ቦታ አለ።»

መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ የቧንቧዎቹን መገጣጠሚያ አንድ በአንድ የሳሙና አረፋ ቀባ። ጋዝ ካመለጠ አረፋው ይነፋል። የትም ቦታ አልተነፋም። ቀና ብሎ ሹፌሩን አየው።

«መኪናው ተጋጭቶ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«እኔው ነኝ እኮ የምነዳው።»

«ለዚያ ነዋ አንተን የምጠይቅህ» አለ መካኒኩ። «በል ከመብራቶቹ ሥር ያለውን ፓራውልት ልፍታና ከጀርባው ያለውን ልየው።»

«እሱ አይነካ። ምንም የለበትም።»

ይህንኑ ለሦስቱም ጋራዦች ብሏቸው ነበር። ከፓራውልቱ ጀርባ ያለውን ያውቃልና። በሰኔ ወር ከሕክምና ሲመለሱ ሚስቱ ከኋላ ተኝታ ሳለ እሱንም እንቅልፍ ጣለው፤ መኪናው ከአስፋልቱ ወጥቶ የድልድይ ግንብ ገጨ። ደንግጣ ስትነሳ «ጉድጓድ ነው፣ ተኚ» አላት። በማግስቱ ላሜራ ሠሪ ዘንድ ወስዶ ከውጭ አስተካክሎ አስቀባው። ከውስጥ የተጣመመውን ብረት ግን እንዳለ ተወው። እንዴት ይንገራት? ከእጥበቱ ስትወጣ የሚቀራት ጉልበት እሱን አምና ዓይኗን ለመጨፈን ያህል ብቻ ነበር። ያንን ከወሰደባት በምን ልቧ ትሳፈራለች?

መካኒኩ ብሩሹን ጣሳው ውስጥ ጣለ። «እሺ፣ እሞላልሃለሁ። አርብ ግን ትመለሳለህ። እኔ ምን ቸገረኝ» አለና ወደ ሹፌሩ ሚስት ተመለከተ። እሷ በሐኪም ቤት ካርዷ ፊቷን እያራገበች ነበር።

ሹፌሩም ዞሮ አያት። ከዚያ ከመካኒኩ የዕቃ ሳጥን መፍቻ አንስቶ ከመኪናው ፊት ተንበረከከና የመጀመሪያውን ብሎን መፍታት ጀመረ። ፊቱን ሳያዞር ተናገረ።

«በሰኔ ጉድጓድ ነው ያልኩሽ ጉድጓድ አልነበረም። እንቅልፍ ወስዶኝ ነው። አንቺን ይዤ ግንብ ገጭቻለሁ።»

ሁለተኛውን ብሎን ሲፈታ ሚስቱ በመስኮቱ አንገቷን አወጣች።

«እና ይህን ሁሉ ጊዜ የቀቀልከኝ ለዚህ ነው?» አለች።

እሱ ወደ ሦስተኛው ብሎን አለፈ።

«በል ፍታው። ከእንግዲህ አልተኛም፤ እያወራሁህ ነው የምትነዳው። ሲደክምህ ደግሞ ንገረኝ፣ ጥላ ፈልገን እንቆማለን።»

ፓራውልቱ ሲወርድ የተጣመመው ብረት ቧንቧውን ተጭኖት ተገኘ። መገጣጠሚያው ላይ ዘይት የጠጣ አቧራ ተጋግሯል። መካኒኩ አረፋውን ሲቀባው እንደሚፈላ ወተት ገነፈለ። የቀረውን ጋዝ በማሽን ስቦ አወጣ፤ ብረቱን አቀና፤ ቧንቧውንና የጎማ ቀለበቱን ለወጠ፤ እንደማያፈስ ካረጋገጠ በኋላ ሞላው።

«እነዚያ የሞሉልህም ይህንኑ ጋዝ ነው» አለው። «እነሱን አትማ።»

ቅዝቃዜው ከዚያ ወዲያ ቆየ።

እህቴ፣ የሚያጽናኑሽ ሰዎች ቃል ጉድለት የለበትም። ያንቺም እምነት አልጎደለም። ነገር ግን «እሱ አይነካ» የምትይው ቦታ አለሽ። ሰው ስለ ሟችሽ የመጨረሻ ቀናት ሲጠይቅሽ ተነስተሽ ወደ ጓዳ ትገቢያለሽ፤ አይቼሻለሁ። ምን እንደሆነ አልጠይቅሽም፤ የራሴን ግን ልንገርሽ። ባሌ በሞተበት ቀን ጠዋት ትራሱን እንዳቃናለት ደጋግሞ ጠራኝ፤ እኔም «አሁንስ ሰለቸኝ» አልኩት። ሰው ሁሉ «ደግ አስታመምሽው» እያለ ሲያጽናናኝ ያቺ ቃል ማጽናናቱን ከሥር ታፈሰው ነበር። አንድ ዓመት ከአራት ወር ደብቄያት ኖርኩ። በመጨረሻ ለእህቱ ነገርኳት፤ አብረን አለቀስን። ሐዘኑ አልወጣልኝም፣ ዛሬም አለ። ግን ከዚያ ወዲህ የሰው ቃል ውስጤ ሲገባ ይቆይልኛል። አንቺም የምታምኚውን አንድ ሰው መርጠሽ ንገሪ። እኔን ከመረጥሽ ከሰዓት በኋላ ቤት ነኝ።